ዘንበል ያለው ክር

በዚያ ቤት አንድ የመስታወት ፍሬም ለአምስት ወር በቀን ሁለት ጊዜ ሲቃና ከርሟል። ጠዋት ባልየው ፊቱን ታጥቦ እንደጨረሰ ፍሬሙ ፊት ይቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። "ይኼ ነገር ዛሬም ዘንበል ብሏል" ይልና በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ያቃናዋል። እሱ ወጥቶ የውጭው በር ሲዘጋ ደግሞ ሚስቱ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣና ያንኑ ፍሬም ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች። እሱ በመንገዱ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ቤቱን እያንቀጠቀጡ የሚያዛንፉት ይመስለዋል፤ አንድ ቀንማ መስኮት ከፍቶ ሾፌሮቹን ተሳድቧል። እሷ ምን እንደሚመስላት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚህ ቤት ዝምታ ግን ከነቀዘ ሰንብቷል።

በፍሬሙ ውስጥ ያለው፣ ሰው በገዛ ማስተዋሉ ከመመካት ይልቅ በእግዚአብሔር እንዲታመን የሚመክር ጥቅስ ነው። በወርቅማ ቀለም የተጻፈ፣ ዳር ዳሩ አበባ የተሳለበት። ጸሎት ቤታቸው ባልየውን ለሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ሸልሞት ነው። ሰውየው ግንበኛ ነው፤ ሰፈሩም፣ ሠራተኛውም፣ ጸሎት ቤቱም የሚጠሩት ውሃልክ ብለው ነው። ሌላው ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በዚያ ስም በሚጠራው መሣሪያ ሲለካ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይና ይፈርዳል። ወጣት ሳለ አንድ መሐንዲስ ለክቶ "ልክ ነው" ያለውን ግድግዳ እሱ "የክብሪት እንጨት ያህል ይቀረዋል" ብሎ ተከራክሮ፣ መሣሪያው የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ይህ ወሬ አርባ ዓመት ሙሉ ሲወራ፣ ሲወራም ትንሽ ትንሽ ሲወፍር ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ውሃልክ ቱንቢ፣ ያን በክር የሚንጠለጠለውን የግንበኛ መለኪያ፣ በእጁ ይዞ አያውቅም። ከአባቱ የወረሰው፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለው የነሐስ ቱንቢ ክሩ እንደተጠቀለለበት የጓዳው በር በነፋስ እንዳይማታ ከሥሩ የሚጣል ክብደት ሆኗል።

ያን ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው ፍሬሙን አቃና፣ ሻይና ዳቦውን ቀመሰ፣ ቆሞ ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬም የእኔ ማስተዋል ሳይሆን ያንተ ጥበብ ይምራኝ። ማየት ያቃተኝን አሳየኝ።" በአርባ ዓመት ውስጥ ይህችን ጸሎት ሳይል የወጣበት ቀን የለም። ማስመሰል አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ግን ሰው በየቀኑ ከልቡ የሚናገረውን ነገር እያደር ራሱ መስማት ይተዋል። ደግሞም እግዚአብሔርን በሞት ጉዳይ፣ በኃጢአት ጉዳይ፣ በልጁ ትዳር ጉዳይ አስቸግሮት ያውቃል፤ በግንብ ጉዳይ ግን አንድም ቀን አስቸግሮት አያውቅም። ለግንቡ ዓይን ሰጥቶታል፤ ከዚያ በላይ ምን ይጨቅጭቀው? በሩ ላይ ሚስቱ ኮፍያውን በሁለት እጇ ይዛ አስተካከለችለት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያመጣችው ልማድ ነው። እሱ በስተርጅና የመጣ ፍቅር መስሎታል፤ ደስም ብሎታል። ፍቅርስ ፍቅር ነበር።

ያን ሰሞን የሚሠሩት የአንድ ክሊኒክ ማስፋፊያ ነው። ሥራውን የያዘው የራሱ ልጅ ነው፤ እዚህ ግባ የማይባል ተቋራጭ፣ ሲሚንቶ አድሮ ዋጋ በጨመረ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው። አንድ ብሎኬት ድሮ በአንድ ዳቦ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ብሎኬት ዋጋ አንድ ቤተሰብ ቁርሱን ይበላል። ስለዚህ ልጅየው የተሰበረ ብሎኬት ሲያይ የገዛ ጥርሱ የተሰበረ ያህል ፊቱ ይጨማደዳል። አሠራራቸው ቀላል ነው፦ ውሃልክ ማዕዘኖቹን ያቆማል፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሲባጎ ይወጠራል፤ ሌሎቹ ግንበኞች ሲባጎውን ተከትለው መሐሉን ይሞላሉ። ማዕዘኑ ከዘመመ ሁሉም ተያይዞ ይዘማል፤ ግን የውሃልክ ማዕዘን ዘሞ አያውቅማ! መሐንዲሱም በሳምንት አንዴ ብቅ ይልና "ውሃልክ አይቶታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ "አይቶታል" ሲሉት ፈርሞ ይሄዳል። አሁን ግንቡ አራት ሜትር ደርሷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጣሪያው ብረት ሊጫንበት ነው። በግንቡ ጥላ ሥር፣ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ። ጣሪያው ሲገባ ቦታው የእነሱ ማረፊያ ክፍል ይሆናል።

ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ፣ ግንቡን የምታጠጣው የቀን ሠራተኛ ከመወጣጫው ወርዳ ውሃልክ አጠገብ ቆመች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ ባልዲ ከእጇ ስለማይለይ ባለባልዲዋ ይሏታል። ሥራዋ ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ከላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

"አባባ፣ አንዴ ቢያዩልኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"ውሃውን። ከላይ ሳፈሰው ግንቡን ይዞ አይወርድም። እዚህ ነው የሚንጠባጠበው።" በእግሯ ጣት መሬት ላይ ያለውን እርጥብ መስመር አሳየችው። ከግንቡ ሥር አራት ጣት ይርቃል። "ግንቡ ወደ ወንበሩ ዘንበል ያለ መሰለኝ።"

ከመወጣጫው ላይ አንዱ "ኧረ ጉድ! ባልዲ ውሃልክን ሲያርም!" አለና ሳቁ ከጫፍ ጫፍ ተዛመተ። ውሃልክም ፈገግ አለ። ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም። ወደ ግንቡ ጫፍ ሄዶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጊዜ ወስዶ አየ። ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እርጥቡን መስመር አላየውም፤ ማለቴ፣ ከሥሩ ነበር፣ ዓይኑን ዝቅ ቢያደርግ ያየው ነበር፤ አላደረገም። "የኔ ልጅ" አላት ለስለስ ብሎ፣ "ይህ ዓይን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ግንቡ ደህና ነው፤ አትስጊ።"

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ወንበሩ ላይ ከነበሩት እናቶች አንዷ ሰምታ ልጇን አቅፋ ተነሣች፤ ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ልጅየው፣ ተቋራጩ፣ ይህን ሲያይ ሲሮጥ መጣ። "አንቺ ማነሽና ነው በሽተኛ የምታሸብሪው?" አለ። "ለውሃ ማፍሰስ እንጂ ለምህንድስና አልቀጠርኩሽም። ባልዲውን አስቀምጪና ውጪ!" ሴትየዋ መጀመሪያ ልጁን፣ ከዚያ አባትየውን አየች። አባትየውን ያየችው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ አንድ ቃል ከእሱ ይበቃት ነበር። ውሃልክ የሲሚንቶ ማንካው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አገኘና በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። "ባልዲው የራሴ ነው" አለች ሴትየዋ። አንጠልጥላው ወጣች። ውሃልክ "ልጁ ትንሽ ቸኮለ" ብሎ አሰበ፤ ማታ እነግረዋለሁ ብሎም ለራሱ ቃል ገባ። እንዲህ ዓይነት ቃል ለራስ መግባት ዋጋው ርካሽ ነው።

ብረቱ ሲጫን የሚጸልየው እሱ ነው፤ የክሊኒኩ ኃላፊም ይገኛሉ ተብሏል። በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ቅዱሱን ቤት እንደረሳው አስታወሰና ሊያመጣ ወጣ። ቤቱ የሃያ ደቂቃ እግር መንገድ ነው። መንገዱ አስፋልት ሊነጠፍበት ስለተዘጋ አንድም የጭነት መኪና አያልፍም፤ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ገባና መጽሐፍ ቅዱሱን ከመደርደሪያው አወረደ። ቀና ሲል ፍሬሙ ዘንበል ብሏል። ጠዋት በእጁ ያቃናውን፣ መኪና ባላለፈበት ቀን! ተገረመ፤ ግን ሐሳቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበርና በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ አስተካከለው። ሚስቱ ከጓዳ ሰሐን እያደራረቀች ወጣች። "ምነው በዚህ ሰዓት?" አለችው። እየጠየቀችው፣ ሰሐኑን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ሌላው እጇ ተዘረጋና ፍሬሙን መልሶ አዘነበለው። የአምስት ወር ልማድ ነው፤ እጇ ቀደማት። ያደረገችውን ያወቀችው እሱ ትክ ብሎ ሲያያት ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ላቃናው ብዬ።"

"ቀና ነበር እኮ። አሁን በእጄ አቃናሁት።"

ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አላቃናኸውም" አለች። "አጣመህ ነው የምትሄደው። ይኸው አምስት ወሩ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ሰው መሬት ሲከዳው መጀመሪያ ሳቁ ነው የሚመጣው። ከዚያ ከአምስት ወር በፊት ያለች አንዲት ጠዋት ትዝ አለችው፤ ከአልጋ ሲነሣ ክፍሉ ዞሮበት፣ ምላሱ እስከ ምሳ ተሳስሮበት፣ እሷ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትል እሱ ድካም ነው ብሎ የናቃት። ከዚያች ጠዋት ቀጥሎ ትዝ ያለው ባለባልዲዋ በእግሯ ጣት ያሳየችው፣ እሱ ዝቅ ብሎ ያላየው መስመር ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወደ ጓዳው በር ሄደ፣ ከሥሩ ቱንቢውን አነሣ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ክሩን ፈታ። ፍሬሙን አውርዶ ምስማሩ ላይ ክሩን አሰረ። ነሐሱ ግራ ቀኝ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ረጋ። ውሃልክ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"ክሩ ዘንበል ብሏል" አለ።

"ክር ዘንበል ይላል እንዴ?" አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

አይልም። ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ አባቱ ያስተማረው ነው። ክብደት የተንጠለጠለበት ክር አያረጅም፣ አይታመምም፣ ሰው አያሞካሸውም፣ ወደ መሬት እምብርት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አለቀ። ክሩ ጠማማ ሆኖ ከታየህ ጠማማው አንተ ነህ። ውሃልክ ሌላኛውን ዓይኑን ሞከረ፤ ተጠጋ፤ ራቀ፤ ኮፍያውን አወለቀ። ክሩ ከዚያው ንቅንቅ አላለም፣ ለእሱም ከመዝመሙ አልተመለሰም። ለአርባ ዓመት የለመነው ነገር፣ ማየት ያቃተህን ማየት፣ እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

"ኮፍያዬንም?" አላት።

"ኮፍያህንም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጸለይኩ" አለች። "ዓይንህን እንዲመልስልህ በየቀኑ ጸለይኩ። ሰው ሁሉ ውሃልክ እያለ ሲያከብርህ፣ ምን ብዬ ልንገርህ? ዓይንህ ከሄደ ምን ይቀርልሃል ብዬ ፈራሁ።" እንባዋን በሰሐን ማድረቂያው ጠረገች። እሱ ሊያጽናናት ይገባው ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበረውም። ቱንቢውን ከምስማሩ ፈትቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። መጽሐፍ ቅዱሱን ጠረጴዛው ላይ ረስቶታል።

ሲደርስ ክሬኑ መጥቶ ብረቱ በሰንሰለት ታስሯል። የክሊኒኩ ኃላፊ በነጭ ጋዋናቸው ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሠራተኞቹ ለጸሎቱ ቆባቸውን አውልቀዋል። ልጁ አባቱ ከኪሱ ያወጣውን ክር ሲያይ ከሁሉም ቀድሞ ፊቱ ተለወጠ። እጁን ይዞ ወደ አሸዋው ክምር ጀርባ ወሰደው።

"አባዬ፣ ተወው" አለው። "ከታች በልስን እንሞላዋለን። ልስኑ ከደረቀ ማን ያየዋል?"

"አውቀህ ነበር?"

"ሳምንት ሆነኝ።"

"ታዲያ ጠዋት ያቺን ሴት?"

"ምን ላድርግ? ያለኝ ሁሉ እዚህ ግንብ ውስጥ ነው። ጸልየን የጀመርነው ሥራ ነው፤ ከሆነ ደግሞ ያው እግዚአብሔር ፈቅዶታል ማለት ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደሞስ ቀጥ ብሏል ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ውሃልክ ልጁን ገፋ አድርጎት አለፈ፤ መወጣጫውን ወጣ፤ ክሩን ከግንቡ ጫፍ ለቀቀው። ነሐሱ ወረደ፣ ተወዛወዘ፣ ረጋ። ከግንቡ ሥር አራት ጣት ርቆ፣ ባለባልዲዋ በእግሯ ጣት ያሳየችው መስመር ላይ ተንጠለጠለ። ውሃልክ ከላይ ሆኖ የሰዎቹን ፊት አየ። ግንበኞቹን፣ አሸዋ የሚነፉትን፣ ጠዋት የሳቁትን። አንድም ሰው አልደነገጠም። ያኔ ገባው፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም አይተዋል፣ ሁሉም እንደ ሚስቱ ዝም ብለዋል፣ ከፊሉ አክብሮት፣ ከፊሉ ምን አገባኝ፣ ከፊሉም የነገ ሥራው እንዳይቀርበት። ያልታመመው ዓይን ሁሉ አፉን ዘግቶ፣ አፏን የከፈተችው አንዷ ተባረረች።

ወረደና ኃላፊው ፊት ቆመ። "ብረቱን አትጫኑት" አለ። "ለእኔ አሁንም ግንቡ ቀጥ ብሎ፣ ክሩ ተጣሞ ነው የሚታየኝ። የታመመው ዓይኔ ነው። ግንቡን አፍርሱት።"

ኃላፊው ግራ ተጋብተው "ታዲያ ጸሎቱስ?" አሉ፤ ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው ይመስለኛል።

"እሱ ጠዋት ተጸልዮ ነበር" አለ ውሃልክ። "መልሱም ባልዲ ይዞ መጣ። አባረርነው።"

አሥር ሰዓት ሳይሞላ መዶሻው ጀመረ። ኃላፊው ሥራውን ከልጁ ቀሙት፤ ደብዳቤው እዚያው ግቢው ውስጥ ተጽፎ እዚያው ተፈረመ። ልጁ የራስ ቁሩን መሬት ላይ ወርውሮ፣ አባቱን ሳያይ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ውሃልክ እናቶቹ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ብሎኬቶቹ ሲወድቁ አዳመጠ። እያንዳንዷን ማን እንዳስቀመጣት ያውቃል። አለቀሰ፤ ሰው እያየው አለቀሰ። ስለ ግንቡ ብቻ አልነበረም። እግዚአብሔርን አመንኩ ሲል የኖረው ራሱን ሲያምን ኖሮ ነው፤ ይህን ለማወቅ ስድሳ አራት ዓመትና አንድ ግንብ ፈጀበት።

አመሻሽ ላይ የቀን ሠራተኞች ሥራ ፍለጋ ወደሚቆሙበት አደባባይ ሄደ። በዚያ ሰዓት የሚቀጥር የለም፤ ቦታው ጭር ብሏል። ባለባልዲዋ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበታለች። ስታየው አልተነሣችም።

"ግንቡ ዘንበል ብሎ ነበር" አላት። "አስፈርሰነዋል።"

"አውቃለሁ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ። ዓይኔ ታሞ ነው። ሳላውቅ ነው።"

ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር። "ዓይንዎስ ታሟል፣ እሺ" አለች። "ጆሮዎስ?"

ከወንበሩ ጠርዝ የተነሡት እናቶች፣ ማንካው ላይ የፈቀፈቀው ሲሚንቶ፣ ለማታ ያሳደረው ቃል፣ ሁሉም ባንዴ መጡበት። ጆሮው ደህና ነበር። "ነገ ሄጄ ለፎርማኖቹ ሁሉ እነግርልሻለሁ" አላት። "ልክ እንደነበርሽ።" "ዛሬ ከሰዓት ከእነሱ ሁለቱ ጋ ሄጄ ነበር" አለች። "ግንብ ዘመመ ባይዋ አንቺ ነሽ ብለው መለሱኝ። ይንገሯቸው እስኪ።" ተነሣች፤ ባልዲዋን አንጠለጠለች፤ መንገዱን ተሻገረች። ቢነግራቸው እንኳ ነገ ማንም የእሱን ቃል እንደማይሰማ እሷም እሱም ያውቃሉ፤ ዓይኑ የጠፋ ውሃልክ ምስክርነቱ ምን ያደርጋል?

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ሻይ ቀዳችለት፤ ዳቦ ቆረሰችለት። "ልጁ ደወለ?" አላት። "አልደወለም" አለች። የሚደውልም አይመስልም። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፍሬሙ ምስማሩ ላይ ተመልሷል፤ እሷ እንዳቃናችው ነው። ለእሱ ዓይን ዘንበል ብሏል፤ ወርቅማዎቹ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚንሸራተቱ መስለውታል። እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሣ፣ ሁለቱ ጣቶቹ ተዘረጉ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። መለሳቸውና በሌላው እጁ ያዛቸው።

"ልክ ነው?" አላት።

"ልክ ነው" አለች።

እሱም ጠማማ ሆኖ እየታየው፣ "ልክ ነው" አለ።